ጅምሩና የተከለለው ጓሳ

ድሮ ድሮ፣ ጉም ከሰው ጋር ተቃቅፎ በሚውልበት አንድ ደጋ አገር፣ ጅምሩ የሚሉት ብልጥ ነኝ ባይ ነበር። ያገሬው ሰው ቤቱን የሚከድነው ተራራው ላይ በሚበቅለው ጓሳ ሣር ነው። ታዲያ እንዳሻው አያጭደውም። ለዓመታት ይከልለዋል፣ ዳኛም ይሾምበታል፤ ሣሩ ካላረፈ ምንጩ ይነጥፋል፣ ቀበሮውና ፍልፈሉ ይሰደዳል፣ ልጆቻችንም ራቁቱን ተራራ ይወርሳሉ ይላል። ከመክፈቻው ቀን በፊት ያጨደ ሰው ጣሪያው ይገፈፋል። ሕጉ ይኸው ነው።

የጅምሩ ጎጆ አርጅቶ ያፈስ ጀመር። የሚስቱ የየሺመቤት መውለጃ ደግሞ ተቃርቧል። ምስኪን፣ ጨነቀው። ግን ዳኛውን አባ ውብነህን ሄዶ መለመን ውርደት መሰለውና ማጭዱን ይዞ ጉም ውስጥ ገባ። አንድ ሸክም አጨደና «ተራራ አፍ የለው፣ ማን ይነግርብኛል?» አለ። ተመልሶ ደገመ፤ «ተራራ አፍ የለው፣ ማን ይነግርብኛል?» ሠለሰና አሁንም «ተራራ አፍ የለው!» እያለ ጎጆውን ከደነ። አሮጌውን ሣር ከላይ አልብሶ አዲሱን ደበቀው። ለሚስቱ ዳኛው ፈቅደውልኝ ነው አላት። እሷም አመነችው።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን የወረደ በረዶ ያገሩን ያረጀ ጣሪያ ሁሉ ወንፊት አደረገው። የሺመቤት አንጀቷ አልችል ብሎ፣ የኛ አያፈስም፣ ኑ ግቡ ብላ ጎረቤቱን ጠራች። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ጥጃው ሳይቀር ገባ። አባ ውብነህም እየተንቀጠቀጡ ገቡ። ጅምሩ ጥግ ይዞ ላብ በላብ ሆነ፣ ያውም በዚያ ብርድ!

የሺመቤት ለዳኛው እሳቱ ዳር ቦታ ለቀቀችላቸውና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ሣሩን ስለፈቀዱልን እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ዝናብ ላይ ነበር የምወልደው» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ ጅምሩን አየው። ዳኛው ለማንም እንዳልፈቀዱ ሁሉም ያውቃል። አባ ውብነህ ሆዷን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ «አሜን ልጄ» አሏት። ከዚያ ወደ ጅምሩ ጠጋ ብለው፣ «ምነው ልጄ? ብትነግረን እኛው አጭደን፣ እኛው እንከድንልህ ነበር። ለአራስ ቤት የሚሆን ሣር መቼ ተከልክሎ ያውቃል?» አሉት።

ጅምሩ አቀርቅሮ አለቀሰ። ያገሩ ሸንጎ ስለ ሕፃኑ ሲል ጣሪያውን ማረለት። እሱ ግን ለጥፋቱ ካሳ እስከ መክፈቻው ቀን ተራራውን ጠበቀ፤ ሣሩ ሲከፈትም በረዶ የበሳውን ቤት ሁሉ ሲከድን ከረመ። በደጁ እያለፈ የሚያየው ሰውም ለልጁ እንዲህ ይል ነበር አሉ፤

ከጋራ ሣር የጠየቀ ሞቀ፣ የሰረቀ ታወቀ።