ካዝና የገባው የሽሪምፕ ቅርፊት

አንድ ቀን፣ ያውም ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቦሌ አካባቢ ካለ የባሕር ምግብ ቤት የገቡት ደንበኞች ግማሾቹ ሳያዝዙ ወጡ። የቀሩትም አፍንጫቸውን በሶፍት ይዘው ሜኑ ያነባሉ። ባለቤቱ አቶ ልሳነወርቅ ግን በየጠረጴዛው እየዞሩ፣ «አይዟችሁ፣ የባሕር ሽታ ነው። ሌላው ሰው ይሄን ለማሽተት ምጽዋ ድረስ ይሄዳል!» ይላሉ።

ሽታው የባሕር አልነበረም፤ የካዝና ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ ቤቱ ከጅቡቲ በበረዶ ታሽጎ የሚመጣ ሽሪምፕ ይሠራል፤ ቅርፊቱ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ከሳምንት በፊት ዶክተር እማዋይሽ የሚባሉ ሴት መጡና «የምትጥሉትን ቅርፊት ስጡኝ» አሉ። እሳቸው ጠንካራ አሲድ ሳይጠቀሙ፣ ቅርፊቱን በአጓት እያቦኩ፣ ካይቲን የሚባል ነገር ያወጣሉ፤ ከሱም የቁስል መሸፈኛ ይሠራሉ። አቶ ልሳነወርቅ ይሄን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ሰው የፈለገው ነገርማ ሀብት ነው ብለው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅርፊቱን በፌስታል እያስጠቀጠቁ ከካሸሯ ኋላ ባለው ካዝና ውስጥ ይቆልፉበት ጀመር።

የሚጠቀጥቀው ምግብ አብሳዩ ጌጡ ነው። ሽታው ቆዳው ውስጥ ገባ። ታክሲ ሲሳፈር ሾፌሩ ሳይቀር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። የሰፈር ድመቶች ማታ ማታ እስከ በሩ ያጅቡታል። እጮኛውማ «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ታጠብ» አለችው። ታጥቦ ሄደ። በሩን ሳትከፍት «አሁንም ታጠብ» አለችው።

እንግዲህ በዚያ ምሳ ሰዓት ዶክተር እማዋይሽ ተመልሰው መጡ። አቶ ልሳነወርቅ ካዝናው ላይ ተደግፈው ተቀበሏቸው።

«አስቤበታለሁ» አሉ። «ካይቲኑን ይውሰዱ። ቅርፊቱን ግን እንዳለ ይመልሱልኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ውስጡን መጥምጠው ያወጡታላ! ቅርፊቱ እንደቆመ ይቀራል።»

«ጌታዬ፣ ካይቲኑ እኮ ያው ቅርፊቱ ነው! እኔ የማስወግደው ኖራውንና የሥጋውን ርዝራዥ ነው። ካይቲኑ ከወጣ ምኑን ልመልስልዎ?»

«ብልሃቱ ጠፍቶዎት ነው።»

«እሺ፣ ውስጡ ተመጥምጦ ወጥቶ እንደነበረ የሚቆም ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያሳዩኝ!» አሉ ዶክተሯ፣ ትዕግሥታቸው አልቆ።

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ማብሰያ ቤቱ ዞረው ተጣሩ። «ጌጡ! ና ወዲህ!»

ጌጡ ጭልፋውን እንደያዘ መጣ። ካሸሯ ወንበሯን ትንሽ ሸሸት አደረገች።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሽሪምፕ ስትልጥ የኖርክ ነህ። ለእሳቸው ንገራቸው። ውስጡ ወጥቶ ቅርፊቱ እንዳለ መቅረት ይቻላል አይቻልም? ደግሞ አይቻልም ካልክ ሽርጥህን እዚህ ፈተህ ሂድ!»

ጌጡ ጨነቀው። አይቻልም ቢል ሥራው ቀረ። ይቻላል ቢል ቅርፊቱ እዚያው ካዝና ውስጥ ሊሰነብት ነው፤ ሠርጉም አብሮት ሊዘገይ። ዙሪያውን ተመለከተ። አንዱ አስተናጋጅ ትሪ እንደያዘ ቆሞ እንቅልፍ ወስዶታል። ሳህን አጣቢዋ በጓዳው በር ትታያለች፤ እጇ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ዓይኗ ፈዟል።

«ይቻላል እንጂ ዶክተር!» አለ ጌጡ።

አቶ ልሳነወርቅ ደረታቸውን ነፉ። «ሰሙ አይደል?»

«ጋሼ ልሳነወርቅ እኛ ላይ ከሞከሩት ቆይተዋል» ሲል ቀጠለ ጌጡ። «ውስጣችንን መጥምጠው ከጨረሱ ስንት ዘመናቸው! ቅርፊታችን ግን ይኸው በየቀኑ በሰዓቱ ሥራ ይገባል።»

አቶ ልሳነወርቅ ትሪ እንደያዘ የተኛውን አስተናጋጅ አየት አድርገው የካዝናውን ቁልፍ ዶክተሯ እጅ ላይ ጣል አደረጉት፤ ከጓዳ በኩል ሳህን አጣቢዋ «አሜን!» ስትል ተሰማ።