የኤሊ ፀሐይ

ተረት ተረት፣ የድንበር ዳር ጎረቤት።

አሮጊቷ ኤሊ ድሮ ከጎረቤቷ ከምስጥ ጋር ድንበራቸው ላይ የጠዋት ፀሐይ እየሞቀች ታወጋ ነበር። ምስጥ ስትሞት ልጇ ኩይሳውን በየቀኑ ስንዝር እየገፋች ድንበሩን አለፈች።

«ልጄ፣ ፀሐዬን ከለልሽብኝ» አለች ኤሊ።

«እትዬ፣ ቤትዎን ተሸክመው ይዞሩ የለ? ሌላ ቦታ ይሙቁ!»

«ቤቴንማ እሸከማለሁ። ከእናትሽ ጋር ያወጋሁበትን ቦታ በምን ልሸከመው?»

ልጅቱ ስቃ ኩይሳውን ከፍ አደረገችው። ኤሊ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም፤ ጥላው ውስጥ እየበረዳት ትቀመጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ምስጥ በሊው አዋልዲጌሳ መጣ።

«እማማ፣ እዚህ አካባቢ ምስጥ ይኖራል?»

ኤሊ የድሮ ጓደኛዋን አሰበች።

«ኧረ የለም!»

«ታዲያ የተቀመጡበት ጥላ የማን ነው?» አላት።