የሻምበል ጅብ ምርመራ

አንድ ጊዜ በአንበሳ ጦር ሰፈር፣ ባዶ በሆነው የስንቅ መጋዘን በር ላይ፣ ጅብና አህያ ጭቅጭቅ ይዘው ነበር።

«አንቺ ነሽ የበላሽው!» አለ ጅብ።

«እኔ? ቋንጣ?» አለች አህያ። «አያ ጅቦ፣ እኔ እኮ ሣር ነው የምበላው።»

«አያ ጅቦ አትበይኝ! ሻምበል በይኝ!»

«እሺ ሻምበል አያ ጅቦ፣ እኔ ሣር ነው የምበላው።»

«ሣር ስትግጪ ቋንጣው መሃል ገብቶ ቢሆንስ?»

«የጦሩ ስንቅ በሙሉ ሣር መሃል ይገባል?»

«ታዲያ የት ገባ?» ብሎ ጅብ ጮኸ። አፉን ሲከፍት ከጥርሶቹ መሃል አንዲት የቋንጣ ቁራጭ ብቅ አለች። በምላሱ ቶሎ ብሎ መለሳት።

ጅብ የጦሩ የስንቅ ሹም ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገቱ አይወርድም፤ ሲተኛም አይወርድም። አህያ ደግሞ ስንቁን ከሩቅ አገር እየጫነች ታመጣ ነበር። ትናንት መጋዘኑ እስኪጠብ ድረስ ቋንጣ አራግፋ ነበር። ዛሬ ከአንድ ቁራጭ በቀር የተረፈ የለም። ወታደሮቹ ተኩላዎች ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ተሰልፈው ጭቅጭቁን ያዳምጣሉ።

አህያ የፈራችው ስድቡን አልነበረም። በዚያ ሰፈር ደንብ መሠረት የጦሩን ሥጋ የበላ ሁሉ በሥጋ ይተካል። አህያ ያላት ሥጋ ደግሞ እላይዋ ላይ ያለው ብቻ ነበር። ጅብም ይህን ስለሚያውቅ፣ እየተጨቃጨቀ ታፋዋን በዓይኑ ይመዝን ነበር።

ጫጫታውን የሰማው የጦሩ አዛዥ አንበሳ ከድንኳኑ ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክቡር ጄኔራል፣ ስንቁ ተበልቷል፤ እኔ ግን አልበላሁም» አለች አህያ። «የምርመራ ቢሮው ጉዳዩን ያጣራልኝ።»

አንበሳ ደስ አለው። ሹማምንቱንና ወታደሮቹን የሚቆጣጠር የውስጥ ምርመራ ቢሮ አቋቁሞ ነበር። ቢሮው ከሾላው ዛፍ ሥር ነው። ከተቋቋመ ጀምሮ ግን እዚያ የሚሰማው የኃላፊው የአቶ ቀበሮ ማንኮራፋት ብቻ ነበር።

«እሰይ! ሥራ ተገኘለት!» አለ አንበሳ። ከዚያም ለራሱ እራት የታረደውን በሬ ሾላው ላይ አሰቀለና አዋጅ አስነገረ። «ሌባውን የያዘ መርማሪ ይህን በሬ ይሸለማል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሌባ ካልተገኘ ግን እኔ እበላዋለሁ።»

ጅብ በሬውን አየ። ምራቁ መሬት ነካ።

አህያ ወደ ሾላው ሥር ሄደች። ቀበሮ ቀይ የመርማሪ ቆብ ዓይኑ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል።

«ጌታዬ፣ ክስ አለኝ።»

ቀበሮ ቆቡን ሳያነሳ መለሰ። «በጦር ሰፈር ክስ የሚቀርበው ለቅርብ አለቃ ነው። የቅርብ አለቃሽ ማነው?»

«ጅብ ነው።»

«በጣም ጥሩ። ለእሱ አቅርቢ።»

«የምከሰው እሱን እኮ ነው!»

«ታዲያ ከእሱ የበለጠ ጉዳዩን የሚያውቀው ማን አለ?» አለ ቀበሮ።

ቀበሮ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ጅብን ቢመረምር ሊነከስ ነው። ባይመረምር ደግሞ አንበሳ ሊቆጣው ነው። ስለዚህ ተነሥቶ ጅብን አስጠራና ቀዩን ቆብ አናቱ ላይ ደፋለት።

«ከአሁን ጀምሮ የዚህ ጉዳይ መርማሪ አንተ ነህ። ቆቡን ስታደርግ መርማሪ ነህ። ስታወልቅ ሻምበል ነህ። እንዳታደባልቀው።»

«አላደባልቀውም» አለ ጅብ፣ ደረቱን ነፍቶ። ወዲያው ወደ አህያ ዞረ። «ሌባዋ ይቺ ናት! ምርመራው አለቀ! በሬዬን አውርዱልኝ!»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች አህያ። «እስቲ ያቺን የተረፈችውን ቋንጣ ስጡኝ። እዚሁ ፊታችሁ ልብላት። ከዋጥኳት ሌባ እኔ ነኝ።»

ቋንጣዋ መጣች። አህያ አኘከች። አሁንም አኘከች። ቋንጣዋ ከግራ ጉንጯ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰች አልወርድም አለች። አህያ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ዋጪያት እንጂ!» እያለ ጅብ ይለምናል። «በናትሽ ዋጪያት! ትንሽ ውኃ ላምጣልሽ?»

«ለእኛ ስጪን እኛ እንዋጥልሽ!» ይላሉ ተኩላዎቹ።

በመጨረሻ አህያን ክፉኛ አሳላትና ቋንጣዋ ተፈናጥራ የቀበሮ እግር ሥር ወደቀች። ቀበሮ አነሣት፣ አሸተታትና «ይህቺ ኤግዚቢት ናት» ብሎ ወደ አፉ ወረወራት። ከዚያም ከንፈሩን ላሰ። «አረጋግጫለሁ። ቋንጣ ናት። አህያ ግን ቋንጣ መዋጥ አትችልም። ሌላ ሌባ ይፈለግ።»

ጅብ ደነገጠ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላለች። አንበሳ ወንበሩን አስወጥቶ ከበሬው ሥር ተቀምጦ ቢላውን ይስላል። ጅብ ቆቡን አጥብቆ ወደ ተኩላዎቹ ሮጠ።

«ከእናንተ መጋዘኑ ውስጥ የገባ አለ?»

«በምን ቁልፍ?» አሉ ተኩላዎቹ።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«አንገትህ ላይ።»

ጅብ አንገቱን ዳሰሰ። ቁልፉ አለ። ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ፤ ማሰብ ስለማይወድ ጆሮዎቹ እስኪንቀጠቀጡ ድረስ ነበር ያሰበው። ፀሐይዋን አየ። በሬውን አየ። ቢላውን አየ። ድንገት ዘለለ።

«አንድ የማውቀው ሌባ አለ!» ብሎ ጮኸ። «እንዴት እስከ አሁን ረሳሁት!»

ከሾላው ሥር አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር። ጅብ ቆቡን እንዳደረገ ከድንጋዩ ወዲህ ቆመ።

«ስምህ ማነው?»

ቆቡን አወለቀና ሮጦ ከድንጋዩ ወዲያ ቆመ። «ሻምበል ጅብ።»

ተመለሰ፤ ቆቡን አደረገ። «ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

ሄደ፤ ቆቡን አወለቀ። «ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«ውሸታም!» አለ ባለ ቆቡ ጅብ። «መጋዘን ነበርክ!»

«ማን አየኝ?» አለ ቆብ የለሹ ጅብ።

«እኔ ራሴ አይቼሃለሁ! አብሬህ ነበርኩ!»

ባለ ቆቡ ጅብ ቆብ የለሹን በጥፊ አጮለው። ጅብ ጉንጩን ይዞ ወደ ወዲያኛው ወገን እየተንገዳገደ ሄደ።

«እሺ፣ እሺ፣ አትምታኝ! በላሁት!»

«ሁሉንም?»

«የታሰረበትን ገመድ ጭምር!»

ተኩላዎቹ ሳህናቸውን እርስ በርስ እያጋጩ አጨበጨቡ። አህያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ትንፋሽ ነበር።

ጅብ ቆቡን አስተካክሎ አንበሳ ፊት ቀረበና ሰላምታ ሰጠ። «ክቡር ጄኔራል፣ ሌባውን ይዣለሁ። በሬዬን።»

አንበሳ ግራ ገባው። ወደ ቀበሮ ዞረ። «አቶ ቀበሮ፣ ሌባው የበላውን በሥጋ መተካት የለበትም? በሬው ለወታደሮቹ ቢሰጥስ?»

«አይሆንም፣ ክቡር ጄኔራል» አለ ቀበሮ። «በሬው የመርማሪው ነው፤ የሌባው አይደለም። አንድ ታታሪ መርማሪ በሌባ ጥፋት ንብረቱን ቢነጠቅ ግፍ ነው።»

«እውነት ነው» አለ ጅብ፣ ለመርማሪው አዝኖ።

«ሌባውስ?»

«ሌባው ጥፋቱን አምኗል። ስለዚህ ተመክሮ ይለቀቅ። ምክሩን መርማሪው ይስጠው።»

ጅብ ወደ ድንጋዩ ሮጠ። «ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» አለ በቆብ። «እሺ ጌታዬ፣ አይለምደኝም» አለ ያለ ቆብ። ከዚያም ለመታረቅ ራሱን አቀፈ።

«እኛስ ምን እንብላ?» አሉ ተኩላዎቹ።

«አትቸኩሉ» አለ ቀበሮ። «ነገ አህያ ሌላ ስንቅ ጭና ትመጣለች። መጋዘኑንም ሻምበል ጅብ ይረከባል። ቢያንስ ስንቅ እንዴት እንደሚጠፋ የሚያውቅ ሹም ነው።»

አንበሳ በመስማማት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ነገሩ ሁሉ ደንብ የያዘ መሰለው። ወደ አህያ ዞሮ ፈገግ አለ።

«አየሽ፣ ቢሮው ነፃ አወጣሽ። ሰልፉ ፊት ቆመሽ ምስጋናሽን አቅርቢ። ከዚያ የሻምበልን በሬ ጫኚና ቤቱ አድርሺለት።»

ሁሉም አህያን ያያል። ጅብ ቆቡን በአንድ እጁ፣ የበሬውን ታፋ በሌላ እጁ ይዞ ይጠብቃል።

«በይ እንጂ» አለ ቀበሮ። «አንድ ቃል ብትሆን።»

አህያ ጀርባዋን አራገፈች። እላይዋ የነበሩት ባዶ የስንቅ ስልቻዎች ከነገመዳቸው ቀበሮ እግር ላይ ወደቁ። ከዚያ ዞራ በበሬው ሥር አለፈች፣ በድንጋዩ አጠገብ አለፈች፣ በባዶው መጋዘን ፊት አለፈች። የሰፈሩ በር ላይ የቆመው ተኩላ ዘብ ጦሩን አጋድሞ መንገዷን ዘጋ።

«የይለፍ ቃል!» አለ ዘቡ።

አህያ አየችው። ዘቡም የእሷን ዓይን አየ፤ ባዶ ሳህኑንም አየ። ጦሩን ወደ ጎን አደረገላት።

«ነገ ስንቅ የሚያመጣው ማነው ታዲያ?» ብሎ አንበሳ ከኋላዋ ጮኸ።

አህያ ዞር ሳትል ሣሩ ወደሚታይበት ሜዳ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ተከሳሹን መርማሪ አድርጎ የሾመ ጦር ሌባውን ቢያገኘው እንኳ ፍትሕን እንደማያገኝ፣ ሸክሙን የሚሸከምለትንም እንደሚያጣ ነው።