ባንድ ጠዋት ጃርት የሆነው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት በጋ፣ አያ ጅቦ የጅቦች የጦር አበጋዝ ሆኖ በአንዲት ምንጭ የተነሳ ከዝንጀሮዎች ጋር ይዋጋ ነበር። ይዋጋ ነበር ማለትስ ይከብዳል! ዝንጀሮዎች ከገደሉ ላይ ድንጋይ ባወረዱ ቁጥር ጅቦቹ ጅራታቸውን ሸጉጠው መፈርጠጥ ነበር ሥራቸው። ምላሳቸው በጥም ደርቆ ቁርበት መሰለ።

አያ ጅቦ ቢጨንቀው የጥንት ጦርነቶችን ታሪክ ወደምታጠናው ወደ እመት ቀበሮ ሄደ። እጅ መንሻ የፍየል ጎድን ይዞላት ነበር፤ ግማሹን ግን መንገድ ላይ በላው።

«እመት ቀበሮ፣ ድሮ ጦርነት ያሸነፉት እነማን ናቸው?»

«ከቦታውና ከጊዜው ጋር የተስማሙት ናቸዋ! የጃርትን አያቶች ተመልከት። ጸጉራቸው ለስላሳ የሆኑትን ነብር በላቸው። ጸጉራቸው ሻካራ የሆኑት ተርፈው ወለዱ። ከልጆቻቸውም ይበልጥ የሻከሩት ተረፉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጸጉሩ እሾህ ሆነ። የኤሊም ድንጋይ ልብስ የመጣው እንደዚሁ ነው።»

አያ ጅቦ ከዚህ ሁሉ የገባው «እሾህ» እና «ድንጋይ ልብስ» የሚለው ብቻ ነበር።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ብዙ ሺህ ትውልድ።»

«ኧረ ምነው! እኛ እኮ የምንዘምተው ነገ ጠዋት ነው!»

ቀበሮ ጎድኑን እየጋጠች ፈገግ አለች። ምንጩን እሷም ከተመኘች ቆይታለች።

«እንዳንተ ያለ ጀግና ምን ትውልድ ያስጠብቀዋል? ባንድ ጠዋት ጨርሰው እንጂ!»

ሲነጋ አያ ጅቦ በወታደሮቹ ጀርባ ላይ የግራር እሾህ በሐረግ አሰረ፤ ለድንጋይ ልብሱም በየራሳቸው ላይ ቅል ደፋ። የራሱ ቅል ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

«አሁን እኛ ማነን?»

«ጃርት!» አሉ ግማሾቹ።

«ኤሊ!» አሉ የቀሩት።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ የአንዱ እሾህ የሌላውን ሐረግ ያዘ። አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ወደቁ፤ ሠራዊቱ እንዳለ አንድ ትልቅ ኳስ ሆኖ እየጮኸ ወደ ምንጩ ተንከባለለ። ገመሬው ዝንጀሮ ድንጋዩን እንዳነሳ ፈዞ ቀረ።

«ወገኖቼ፣ ይሄ እግሩ የማይቆጠር ምን ጉድ ነው?» አለና መልስ ሳይጠብቅ እግሬ አውጪኝ አለ። ዝንጀሮዎቹ በሙሉ ተከተሉት።

«አሸነፍን!» አለ አያ ጅቦ፣ ልቡ በኩራት አብጦ። ሊጠጣ ሲያጎነብስ ግን ቅሉ እስከ አንገቱ ወርዶ ተሰክቷል። ቢስበው እንቢ፣ ቢገፋው እንቢ። እንዳይነክሰው አፉ ራሱ ቅሉ ውስጥ ነው! የወታደሮቹም ዕጣ ይኸው ነበር። በዚህ መሃል አንድ ሰው፣ ኧረ አንድ አውሬ፣ ውሃውን በምላሱ ጨለፍ ጨለፍ ሲያደርግ ሰማ።

«ማነው የሚጠጣው?»

«እኔ ነኝ» አለች ቀበሮ።

«እመት ቀበሮ፣ በሞቴ! ይህን ቅል አውልቂልኝ!»

«ይቅርታ፣ አያ ጅቦ፤ እኔ ያጠናሁት የጦር ታሪክ እንጂ ቅል ማውለቅ አይደለም» አለችና ዘመዶቿን በሙሉ ጠራች።

ጅቦቹ ቅሉን ለመስበር ራስ ለራስ ሲጋጩ ዋሉ። የአያ ጅቦ ቅል ተሰንጥቆ ሲወድቅ ምንጩ ተጠጥቶ አልቋል፤ ቀበሮም ከነዘመዶቿ ሄዳለች። የቀረውን ቀመሰው።

«ለካ ድል ጭቃ ጭቃ ይላል!» አለ፣ አፉን እየጠረገ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያሸናፊውን ምክንያት ሳይረዳ መልኩን ብቻ የሚቀዳ፣ ጦርነቱን እንኳ ቢያሸንፍ ውሃውን ሌላ እንደሚጠጣበት ነው።