ከፍ ያለው ችካል

አንዲት ሴት ነበረች። ከሩቅ አገር ተነሥታ ኢሉባቡር ውስጥ በአንድ ረግረግ ዳር የሰፈረች። ያላት መሬት ያ ረግረግ ብቻ ነው። ልጆቿን የምታበላውም ከዚያ ነው። ስሟን አንጓች እንበላት።

በዚያ አገር ረግረግ የሚታረሰው እንዲህ ነው። ቦይ ይቆፈራል፣ ውሃው ይወርዳል፣ በቆሎ ይዘራል። በቆሎው ሲሰበሰብ ቦዩ ሣር በያዘው አፈር ይደፈናል፤ ውሃውም ተመልሶ መሬቱ ላይ ይተኛል። ለአንጓች ግን መድፈኑ ስንፍና መሰላት። "መሬት ለምን ቦዝኖ ይከርማል?" አለች። ቦዩን ክፍት ትታ በዓመት ሁለቴ ዘራች። ሦስት ዓመት በቆሎው ከቁመቷ በላይ ሆነ። "እግዜር ባረከኝ" ብላ አመሰገነች። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

በአራተኛው ዓመት በቆሎው ቀጨጨ። ደግሞም አንድ ነገር አየች። ከጎረቤቷ ከኦቦ ደበላ ጋር የሚያዋስናት፣ እስከ አንገቱ ተቀብሮ የነበረው ችካል አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ወጥቷል።

"ኦቦ ደበላ! በዚህ ሽበትዎ ድንበር ይነቅላሉ?" ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው መጥተው ችካሉን ነቀነቁት። ንቅንቅ አላለም።

"ነቃይስ ብሆን አንቺን ነበር የምነቅል፤ ጩኸትሽ ንቦቼን ሊያባርርብኝ ነው" ብለው ሳቁ። "ልጄ፣ ችካሉ አልወጣም። መሬትሽ ነው የወረደው።"

"መሬት ወዴት ይወርዳል?"

"እሱን እኔም አላውቅ። አባቶቻችን ቦይ ይደፍኑ ነበር፣ እኛም እንደፍናለን። ለምን ብለን አልጠየቅንም።"

አንጓች ግን ጠየቀች። አንድ ክንድ አፈር የት ይገባል? ጎርፍ አልወሰደው፣ ሰው አልጫነው። ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። በማግስቱ አንድ ጓል አፈር በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ወደ ሲፈን ሄደች።

ሲፈን ጓሉን ለሁለት ከፈለችና አጉሊ መነጽር ሰጠቻት። "ምን ይታይዎታል?"

"ነጭ ክር። ሸረሪት ገብቶበታል እንዴ?"

"ፈንገስ ነው እትዬ፤ የእንጉዳይ ዘመድ። ረግረጉ የሞተ ሣርና ሥር ለብዙ ዘመን ሲያጠራቅም ኖሯል። በውሃ ሥር አየር ስለሚያጥር ያን የሚበሉት እንደ ልባቸው አይሠሩም። ቦዩን ክፍት ሲተዉት አየር ገባ። ውሃ የለመዱት ፈንገሶች ተመናመኑ፣ እነዚህ በረቱ። እነሱ የፈጩትን በቆሎዎ በላ። አፈሩ ከፊሉ ደርቆ ተጨምቋል፤ ከፊሉ ግን ተበልቶ አልቋል።"

"ታዲያ ያ ሁሉ በቆሎ..."

"ከድሮው ጥሪት ነበር።"

አንጓች ነጩን ክር እንደገና አየችው። "ብደፍነውስ ይመለሳል?"

"የሄደው በእኛ ዕድሜ አይመለስም። የቀረው ግን ይቆያል።"

ቤቷ ውስጥ ለሁለተኛው ዘር ብላ ያስቀመጠችው በቆሎ አለ። ቦዩን ከደፈነች አይዘራም፤ ልጆቿም ይጎድልባቸዋል። ካልደፈነች ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ የምትዘራበት የለም። ሦስት ቀን አመነታች። በአራተኛው ቀን አካፋ አነሣች፤ ኦቦ ደበላም ሳይጠሩ መጥተው አገዟት። ያን ዓመት ልጆቿ ጎደሬ ሰለቸን እያሉ ጎደሬ በሉ። መሬቱ ግን ከዚያ ወዲያ በጥድፊያ መውረዱን ተወ።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ሰነፍ አልነበረችም። ስሕተቷ ትጋት ይመስል ነበር። ምርቱም በረከት ይመስል ነበር። ከምን እንደመጣ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቀችም።

እናንተስ? ለቅሶ ቤት አለሁ፣ ኮሚቴ ላይ አለሁ፣ መዘምራን ውስጥ አለሁ የምትሉ፣ ሰው ሁሉ የሚያመሰግናችሁ፣ ከምን እየሰጣችሁ ነው? ቤት ስትገቡ ለልጃችሁ የሚተርፈው ቃል ስንት ነው? በእግዚአብሔር ፊት ምንም ሳትጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ የተቀመጣችሁት መቼ ነው? እኔ ውስጣችሁን አላይም። እናንተ ግን ማየት ትችላላችሁ።

ዛሬ ከዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስትወጡ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ይዞ ይጠብቃችኋል፤ ምናልባት እኔው ራሴ። እስቲ አንድ ጊዜ "ዘንድሮ አልችልም" በሉ። ድምፃችሁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጠቀጥ።