የትርንጎን ማሳ የበላው ቦረቦር

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ ተቆጥቻለሁ፤ ቀድሜ ልንገራችሁ። ከመንደራችን አንድ አባት፣ ስሙን አልጠራም፣ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ «ልጄን ፊደል እንዲማር ላኩት እንጂ ችግኝ እንዲያጠጣ አልላኩትም» ብሎ ጮኸ አሉ። እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ ጉዱን ያይ ነበር። አልነበርኩም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝና ንገሩት።

በድሮ ዘመን ከአንድ ተራራ ሥር አንድ መንደር ነበረ። ተራራው ራቁቱን ነበርና ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይወርዳል። ጎርፉም መሬቱን ሰንጥቆ ትልቅ ቦረቦር አወጣ። ቦረቦሩ በየዓመቱ እየሰፋ ወደ ትርንጎ ማሳ ይጠጋል። ትርንጎ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከዚያች ማሳ በቀር ምንም የላትም። ገብስ የምትዘራው እዚያ ነው፤ ሦስት ልጆቿን የምታበላውም ከዚያው ነው።

በመንደሩ የኔታ ላእከ የሚባሉ መምህር ነበሩ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ልጆችን ፊደል ያስቆጥራሉ። አንድ ሕግ ነበራቸው። ልጅ ሁሉ ከቦረቦሩ አፋፍ ላይ አንድ ችግኝ ይተክላል፤ ጠዋት ጠዋት በቅል ውኃ ይዞ መጥቶ ያጠጣል። ችግኙ በጋውን ካላለፈ ልጁ ዳዊት አይጀምርም። ወላጅ ሲያጉረመርም የኔታ፦ «እሺ፣ ልጅህ ሊቅ ሆነ እንበል። ሊቁ በየትኛው መሬት ላይ ሊኖር ነው?» ይሉ ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ከመንደሩ በታች በሚያልፈው ወንዝ በኩል የተተከሉት ጸደቁና ቦረቦሩ በዚያ በኩል ቆመ። በትርንጎ ማሳ በኩል ኋላ የተተከሉት ግን ገና ጨቅላ ነበሩ።

የመንደሩ ጭቃ ሹም በሪሁን የሚባል ሰው ነበር። አንቱ አልለውም፤ አንቱ የሚያሰኝ ሥራ አልሠራም። «የእኔ ልጅ ቅል ተሸክሞ አይሄድም» አለና ተከላውን ለሎሌው ሰጠ። ሎሌው ደግሞ ረሳው። ልጁ ዳዊት የሚጀምርበት ቀን ሲደርስ ሎሌው ከወይራ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ዘንጥፎ መሬት ላይ ሰካና ሄደ። አባት ይህን ሳያውቅ ጠላ አስጠምቆ፣ በሬ አርዶ፣ ዘመድ ጠርቷል።

የኔታ ችግኙን ሊያዩ ወጡ። ሳብ ቢያደርጉት ተነቅሎ በእጃቸው ቀረ።

፦ «ሥር የለውም። ልጁ ዳዊት አይጀምርም» አሉ።

ዘመድ ሁሉ ሳቀ። በሪሁንም ፊቱ ጠቆረ። በማግሥቱ መንደሩን ሰብስቦ፦ «የኔታ፣ እኛ ያመጣንዎ ፊደል እንዲያስተምሩ ነው። መቆፈሩን እኛም እናውቅበታለን። ይሂዱልን» አለ።

አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ትርንጎም እዚያው ነበረች። መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ብናገር ማሳዬን ይነጥቀኛል ብላ ፈራች። እናንተም ትፈሩ ነበር፣ አትዋሹኝ። የኔታም ዳዊታቸውን አንግተው ሄዱ።

ከዚያም ሌላ መምህር መጣ። ልጆቹ ፊደሉን ያንበለብሉት ጀመር። ወላጅ ደስ አለው። ችግኞቹን ግን የሚያጠጣ ጠፋ፤ ግማሹ ደረቀ፣ ግማሹን ፍየል በላው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄ ነው። ልጆቹ በየቀኑ በዚያው ያልፉ ነበር። አጠጡ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ነሐሴ ገባና ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። ጎርፉ ሲወርድ በወንዙ በኩል ያሉት ዛፎች ያዙት። በትርንጎ በኩል የሚይዘው አልነበረም። ማሳዋን ከነገብሱ ጠርጎ ወሰደ፤ ቦረቦሩም ደጃፏ ላይ ደርሶ ቆመ።

ሰው ተሰበሰበ። በሪሁንም፦ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረጋል። አንድ ቁና እህል እሰጥሻለሁ» አላት።

ትርንጎ በዕድሜዋ ሹምን አንተ ብላ አታውቅም። ያን ቀን አለች።

፦ «እግዜርን ተወው። መምህሩን ያባረርክ አንተ ነህ፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እህልህን ያዝ። ቁናው ሲያልቅ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

ከዚያም ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ የኔታን በሌላ መንደር አገኘቻቸውና «ይመለሱልን» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች።

፦ «ልጄ፣ እነዚህን ልጆች ጥዬ አልመጣም፤ ደግሞም አርጅቻለሁ። የመንደርሽን ልጆች ለምን አንቺ አታስተምሪያቸውም?» አሏት።

፦ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የኔታ።»

፦ «መትከልስ?»

ትርንጎ ተነሥታ መንገድ ጀመረች። አገሯ ተመለሰችና በቀጥታ ልጆቹ ወደሚማሩበት ዛፍ ሄዳ መሐላቸው ተቀመጠች። አዲሱንም መምህር፦ «እርስዎ ፊደሉን ያስተምሩ፤ እኔ መትከሉን አስተምራለሁ። አይሆንም ካሉ ከዚህ አልነሣም» አለቻቸው። በሪሁን ይህን ሰማና ሎሌውን «ጎትተህ አስነሣት» ብሎ ላከ። ልጆቹ ብድግ ብለው ዙሪያዋን ከበቧት። ቀድሞ የተነሣው የበሪሁን ልጅ ነበር። ሎሌውም የጌታውን ልጅ ገፍቶ ማለፍ አቃተውና ተመለሰ።

ልጆቹም ከትርንጎ ጋር አፋፉ ላይ እንደገና ተከሉ፤ ጠዋት ጠዋትም አጠጡ። ከዚያ ወዲህ ቦረቦሩ ከትርንጎ ደጃፍ አንዲት ስንዝር አላለፈም። ማሳዋስ ተመለሰ? አልተመለሰም። ጎርፍ የወሰደውን አፈር ማን ይመልሰዋል? ሦስቱን ልጆቿን የሰው እርሻ እያረመች አሳደገቻቸው። የመንደሩን ልጆች መትከል ስታስተምር ኖረች፤ «የኔታ የተባረሩ ቀን አፌን ከፍቼ ቢሆን» እንዳለች ሞተች።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ፤ ከዳቦውም ቆረስ አድርጋችሁ አጉርሱኝ። ቁጣ ያስርባል።