አላረጀም ያሉት የማብሪያ ሳጥን

አባቴ ይሙት፣ አታምኑኝም! ቢሆንም እነግራችኋለሁ፤ ዝም ካልኩ ሆዴ ይፈነዳል። እናንተ ብቻ «እህ» እያላችሁ ስሙኝ።

ድሮ፣ ግድግዳ እንኳ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ ከተማ ነበረ። የከተማው ሽንት ቤት ሁሉ፣ የልብሱና የሳህኑ እጣቢ ሁሉ ተጠራርቶ አንድ ጉድጓድ ይገባል። ከጉድጓዱ ሞተር እየሳበ ወደ ማጣሪያው ኩሬ ይወስደዋል። ሞተሩ ጎበዝ ነው፤ ተራራ ሳብ ቢሉት ይስባል። ግን ግድግዳው ላይ ያለው የማብሪያ ሳጥን «ተነስ» ካላለው አይነሳም። ሳጥኑ ደግሞ ጃጅቷል። ከማርጀቱ የተነሳ ፊውዙ ሸብቷል!

ከጉድጓዱ በታች፣ ወንዙ ውስጥ፣ እትዬ እንቁራሪት ቁጥር የሌላቸው ልጆቿን ታሳድጋለች። ሞተሩ ከቆመ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ከሞላ ወደ ወንዙ ይፈሳል፤ ከፈሰሰ ልጆቿ አለቁ።

አንድ ቀን ሳጥኑ ጠራት። «ልጄ፣ እኔስ አበቃልኝ። ‹ተነስ በለው› ሲሉኝ ‹ተኛ በለው› እሰማለሁ። ልጆችሽን ሳልፈጅብሽ አስቀይሪኝ።»

እንቁራሪት እየዘለለች የከተማው አለቃ ዝንጀሮ ዘንድ ሄደች። «ጌታዬ፣ ሳጥኑ ይቀየርልኝ!»

«ይቀየር!» አለ አለቃ ለሠራተኞቹ ለጦጣዎቹ። ጦጣዎቹ ሮጡ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አረንጓዴ ቀለም ቀቡት! «ተቀየረ!» ብለው አጨበጨቡ።

እንቁራሪት ተመለሰች። «ጌታዬ፣ ቀለም ማን ጠየቀዎት? ሳጥኑ ይቀየር!»

«ይቀየር!» ጦጣዎቹ ሮጡ። ስሙን ቀየሩት! «ሳጥን» መባሉ ቀረና «ዘመናዊ ማዕከል» ተባለ። ምስኪኑ ሽማግሌ በአዲሱ ስሙ ሲጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዝም።

እንቁራሪት ጉሮሮዋ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ተመለሰች። «ምን ነካችሁ እናንተ! ልጆቼ ሊያልቁ ነው እኮ!»

«ይቀየር አልኩ አይደል እንዴ!» ጦጣዎቹ ሮጡ። ቦታውን ቀየሩት! ከግራው ግድግዳ ነቅለው ቀኙ ላይ ሰቀሉት። ይህም ሥራ ሆኖ ሊመረቅ ነው ተብሎ ድንኳን ተጣለ። የት? ጉድጓዱ አፍ ላይ! ሽታው ራሱ አፍንጫውን ይዞ ነበር የቆመው።

እንዲህ ያለው ነገር ይሳቅበታል ወይስ ይለቀስበታል? ፍረዱኝ እስቲ!

አለቃ ዝንጀሮ ሪባኑን ቆረጠና ሳጥኑን «ተነስ በለው!» አለው።

«እሺ ጌታዬ» አለ ሳጥኑ። ወደ ሞተሩ ዞሮ፣ «ተኛ!»

ሞተሩ ተኛ። ጉድጓዱ ሞላ፣ ገነፈለ። ፍሳሹ «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ» እያለ ድንኳኑ ገባ። አለቃ ሊዘል ሲል አንሸራተተውና ዘጭ! እስከ አገጩ።

«ኧረ ድረሱልኝ! ሳጥን አምጡ! አዲስ! እውነተኛውን!»

ጦጣዎቹ አልሮጡም፤ በረሩ። አለቃ ምራቁን ውጦ ሳይጨርስ አዲስ ሳጥን መጣ፣ ተገጠመ፣ «ተነስ!» አለ። ሞተሩ ጉርርር ብሎ ተነስቶ ይስበው ጀመር። ወንዙ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ የቀረው ፍሳሽ ወደ ኋላው ተጎተተ።

እንቁራሪት ልጆቿን አየች፤ ደህና ናቸው። ከዚያ ንዴቷ መጣ። «ለካ ይቻል ኖሯል! ለልጆቼ ነፍስ ስለምንዎት ያልተገኘው ሳጥን፣ ለእርስዎ አገጭ ሲሆን ከየት ወደቀ?»

አለቃ ዝንጀሮ ጢሙን እያራገፈ፣ «ይኸው ቀየርኩልሽ አይደል? አታመሰግኚም?» አላት።

ይሄኔ ሞተሩ ከጉድጓዱ ውስጥ ጮኸ፦

«እትዬ! ማዶ ያለው ሞተር ወንድሜም ሳጥኑ አርጅቷል፤ አለቃን መልሰን እንክተታቸው?»